የወይዘሮ ሎሬታ አፍንጫ

የዚያን ቅዳሜ ሳን ሆዜ መናፈሻው ውስጥ የነበርነው እነዚህ ነን። አንደኛ እኔ። ከዚያ አሥራ አንድ ዓመት የሞላት ልጄ ሶስና፣ ሰው ፊት ሲሆን ከእኔ የአንድ መኪና ያህል ራቅ ብላ መቆም የምትወደው። ከትምህርት ቤት መልስ ልጆቹን አርት የምታስተምረው ሚስ ረኔ። የሶስና የክፍል ጓደኛ ጃዝሚን። የጃዝሚን አያት ወይዘሮ ሎሬታ፣ ከነተሽከርካሪ ወንበራቸው። በቫናቸው ከኦክላንድ ያደረሱን ጎረቤቴ ጋሽ መኩሪያ። ስሙ ብስኩት መሆኑን ዘግይተን ያወቅነው አንድ ቡናማ ውሻ። በመጨረሻም በርሜል የሚያህል አንድ ጭንቅላት። ሌላም ብዙ ልጅና ወላጅ ነበር፤ ለዚህ ጨዋታ የሚያስፈልጉን ግን እነዚህ ናቸው። ጭንቅላቱ የወረቀት ነው፤ አትደንግጡ። መደንገጡን ለእኔ ተዉልኝ፤ በእሱ የሚቀድመኝ የለም።

እኔ ሳልደነግጥ የዋልኩበትን ቀን አላስታውስም። ቦርሳዬን የከፈተ ሰው ፕላስተር፣ የትኩሳት መለኪያ፣ ትርፍ ካልሲ፣ ሎሚ፣ የእጅ ባትሪ፣ እና ልጅ ቢጠፋ የምነፋው ፊሽካ ያገኛል። ጋሽ መኩሪያ አንድ ቀን መኪናዬ ውስጥ ሊያስገቡልኝ አነሱትና፣ "የሶስና እናት፣ ይቺ ቦርሳ ናት ወይስ ክሊኒክ?" አሉኝ። ይሳቁ። ጣታቸውን በር የቆነጠጣቸው ቀን ፕላስተር የለመኑት ማንን ሆነና!

ሶስና አርት ፕሮግራም ልትገባ ነው ስትለኝም ደነገጥኩ። የእኔ ትምህርት አምስተኛ ክፍል ላይ ነው የቆመው። በእኛ ጊዜ ሥዕል የሚሥል ልጅ ደብተር አባካኝ ነበር የሚባለው፤ ዶሮ ሥዬ የተቆነጠጥኩት ጆሮዬ እስከ ዛሬ ዝናብ ሲመጣ ይበላኛል። እዚህ ዶሮ የሣለች ልጅ ይጨበጨብላታል። ዶሮዋ ሰማያዊ ከሆነች ደግሞ ግድግዳ ላይ ትሰቀላለች፤ ዶሮዋ ማለቴ ነው።

ሌሎቹ እናቶች ልጃቸውን ያስገቡና ሥራቸው ይሄዳሉ፤ ማታ ሲመሽ መጥተው ይወስዳሉ። እኔ ጠዋት አረጋውያን ስንከባከብ እውልና ከሰዓት በኋላ እንደወጣሁ በሩ ፊት ለፊት ፓርክ አድርጌ እቀመጣለሁ። ምን ልጠብቅ? እኔንጃ። የሚመጣውን።

አንድ ቀን ሚስ ረኔ መጥታ የመኪናዬን መስኮት አንኳኳች። ረጅም ጥቁር አሜሪካዊት ናት፤ ጫማዋ ላይ የሌለ የቀለም ዓይነት የለም።

"ማማ፣ ደህና ነሽ?"

"ፋይን" አልኳት።

"ልጆቹ ሠፈራችሁን ሣሉ ብያቸው አንቺን ሥለውሻል" ብላ አንድ ወረቀት አሳየችኝ። መኪና ነው። ውስጡ ሁለት ትልልቅ ዐይን ብቻ አለ። ሌላ ወረቀት አወጣች፤ መኪና፣ ሁለት ዐይን። ሦስተኛው ላይ ቅንድብም ተጨምሯል። ዐይኑ ያለምንም ማጋነን የእኔ ነው።

"እዚህ ሆነሽ ከምታስፈሪያቸው ገብተሽ ብታግዢን አይሻልም?" አለችኝ። በዚህ ሁኔታ ቮለንቲር ሆንኩ። ሶስና በሩ ላይ ስታየኝ፣ "ማም፣ ኖ" አለች። ቀጥላም "ፕሊስ፣ ኖ" አለች። ከዚያ ዕቃዋን ሰብስባ ከእኔ ወደራቀው ጠረጴዛ ተዛወረች።

እንዲህ ስትሸሸኝ አጠገቤ የቀረችው ጃዝሚን ነበረች።

ልጆቹ የሚሠሩት ትልልቅ ጭንቅላት ነው። ሲሠራ እንዲህ ነው፤ አንድ ትልቅ ኳስ ይነፋል፣ ጋዜጣ እየተቀደደ ሙጫ ውስጥ ይነከርና ኳሱ ላይ ይለጠፋል፣ በላዩ ላይ እንደገና፣ እንደገና። ሲደርቅ የኳሱ አየር ይወጣል፤ ባዶው ወረቀት ጭንቅላት ሆኖ ይቀራል። ፊት ይሠራለታል፣ ቀለም ይቀባል፣ ከዚያ ልጅ ትከሻው ላይ ያጠልቀዋል። የሳን ሆዜ ልጆችም እንደዚሁ ይሠራሉ። አንድ ቅዳሜ ሁለቱ ከተሞች ይገናኙና መናፈሻ ውስጥ ይሰለፋሉ፤ ወላጅ ቆሞ ያያል።

"ያንቺ የማን ጭንቅላት ነው?" አልኳት ጃዝሚንን።

"የአያቴ" አለች። "አያቴ ልጅ ሆና ሰልፍ በሰማች ቁጥር ከቤት ትወጣ ነበር። አሁን ጉልበቷ እምቢ ብሏታል። ስለዚህ እኔ አስኬዳታለሁ።"

ልጅ እንዲህ ሲናገር ምን ይባላል? ካልሲ ቀዳዳ እንዳለው ለማየት ጎንበስ ማለት ብቻ ነው። ጎንበስ አልኩ። ቀዳዳ ነበረው።

"በሰልፉ ማግስት ሞቭ እናደርጋለን" አለች ደግሞ፤ ኪራዩ ስለከበዳቸው ወደ ሳክራሜንቶ በኩል፣ ዘመድ ጋ። እንግዲህ ሰልፉ የመጨረሻ ቀኗ ነው ማለት ነው። አያትየዋ በዚያ ቅዳሜ ካልተሰለፉ መቼም አይሰለፉም። ይህን ስሰማ ያ ጭንቅላት የእኔም ጉዳይ ሆነ። የእኔ ጉዳይ መሆኑ ነው ያበላሸው።

ሚስ ረኔ ለእያንዳንዱ ጠረጴዛ ቮለንቲር ሙጫ ከቤት ሠርቶ እንዲያመጣ ነገረችን። "ዱቄትና ውኃ፤ ሌላ ምንም" አለች። ሰምቻለሁ። ራሴንም ነቅንቄያለሁ።

ቤቴ ገብቼ ግን አሰብኩት። ጥሬ ዱቄት በልጅ እጅ? የልጅ እጅ የነካው ነገር አፉ ሳይደርስ አይቀርም። ሆዳቸው ቢነፋስ? ስለዚህ ድስት ጥጄ አበሰልኩት። ማማሰያ ስይዝ ደግሞ እጄ እኔን አይሰማኝም፤ የለመደውን ነው የሚሠራው። ጨው ገባ። ማን እንዳስገባው አላየሁም። ዱቄትና ውኃ ለብቻቸው እሳት ላይ ሲንተከተኩ ዝም ብሎ ማየት ደግሞ ጭካኔ መሰለኝ፤ ከማሰሮው አንድ ማንኪያ ንጥር ቅቤ ጣል አደረግሁ። ሁዳዴ ስለነበር መቅመስ አልችልም። ሶስናን ጠርቼ አስቀመስኳት። እሷ ልጅ ናት፤ የታመመችበትም ሰሞን ስለነበር አባ አትጹም ብለዋል። ላሰችና በእንግሊዝኛ፣ "ቅቤ ይጨመርበት" አለች። ሙጫ መሆኑን አልነገርኳት። ጨመርኩ።

በማግስቱ ጠረጴዛችን ላይ የሆነውን ባታዩት ይሻላል። ከተለጠፈው የተላሰው በለጠ። የሌላ ጠረጴዛ ልጆች ጋዜጣቸውን ይዘው መጡ፤ ቀጥሎ ጋዜጣውን ትተው መጡ። ሚስ ረኔ፣ "ሙጫ የሚበላው ማነው?" እያለች ደረሰች። ጣቷን ነከረች፣ ቀመሰች፣ ዐይኗን ጨፈነች። እንደገና ቀመሰች።

"ማማ፣ ይሄ ሙጫ አይደለም፤ ራት ነው።"

"ሙጫ ነው" አልኩ። "ቅቤ ብቻ ነው የገባበት።"

ወንበር ስባ ተቀመጠች። "ቅቤ።"

"ትንሽ።"

"ምን ያህል ትንሽ?"

በእጄ አሳየኋት። እጄ ትንሽ ማሳየት አይሆንለትም።

ለካ ቅቤ ያለሰልሳል እንጂ አያጣብቅም። ይህን ከቅቤ አንጓቾች መማር ነበረብኝ፤ ሲያለሰልሱ ኖረው ማንን ከማን ጋር አጣብቀው ያውቃሉ! የጃዝሚን ጋዜጣ ከኳሱ ላይ እየተንሸራተተ ይወርዳል፤ ብንለጥፍ ይወርዳል። አፍርሶ ለመጀመር ጊዜው አልቋል። ሚስ ረኔ ግን ጥበበኛ ናት፤ በላዩ ላይ በራሷ ሙጫ ደጋግማ ለጠፈችበትና ያዘ። ውስጡ ብቻ ቅቤ እንደተቀባ ቀረ። ፊቱ ላይ የቅቤው ወዝ ጣል ጣል ብሎ ወጣ። አልቅሼ ልሞት ስል ጃዝሚን ጠጋ ብላ አየችውና፣ "ችግር የለም፣ አያቴም ሎሽን ታበዛለች" አለችኝ።

አፍንጫውን ለብቻዋ ስትሠራው አንድ ከሰዓት በኋላ ሙሉ ዋለች። አፍንጫ ወፈር ያለ ነገር ይፈልጋልና ከድስቱ ሥር የተረፈውን የእኔን ጠጣር ሙጫ አድቦልቡላ ሠራችው። ሰፋ ያለ፣ ጫፉ ክብ፣ ያየው ሰው የሚወደው አፍንጫ። "ልክ እሷ!" አለች። ሚስ ረኔም አረጋገጠች።

በዚህ መሃል እጄ እስከ ክርኔ ቅቤ ስለነበር ሳላስበው ጣቴን ልሼ ይሆናል ብዬ ጨነቀኝና ለአባ ኮል አደረግሁ። "አባ፣ ሙጫ ጾም ይገድፋል?" አልኳቸው። "ልጄ" አሉ፣ "ሙጫ ከበላሽ የሚያሳስበኝ ጾምሽ ሳይሆን ጨጓራሽ ነው።"

ጭንቅላቱ ግን አልደርቅ አለ። ያ ሰሞን ዝናብ ነበር፣ ክፍሉም ይቀዘቅዛል። ሚስ ረኔ ፊቷ ሲጨልም አየሁና፣ "እኔ ቤት በረንዳዬ ፀሐይ ያገኛል" ብዬ ወሰድኩት። ሰልፉ ሊደርስ ሲል ፀሐይ ወጣች። ጭንቅላቱን በረንዳ ወንበር ላይ አስቀመጥኩት፤ ነፋስ እንዳይወስደው በገመድ አሰርኩት፤ ብርድ እንዳይመታው ብዬ አንገቱን በሻሽ ጠቀለልኩት። ለሰው የሚደረገውን ሁሉ አደረግሁ። ከዚያ ልብስ ላጣጥፍ ገባሁ። ነፋስን ያሰብኩ፣ ሌባን ያሰብኩ፣ ዝናብን ያሰብኩ ሴትዮ ሽኮኮን አላሰብኩም።

ስወጣ ጭንቅላቱ ላይ ተቀምጦ አፍንጫውን በሁለት እጁ እንደ ሳምቡሳ ይዞ ይበላል። ጮህኩ። ቀና ብሎ አየኝ፤ ፊቱ ላይ "ጨው በዝቶበታል" የሚል ነገር ነበረው። የመጨረሻዋን ጉርሻ ይዞ በረንዳው አጠገብ ያለው ዛፍ ላይ ወጣ። ወይዘሮ ሎሬታ ያለ አፍንጫ ቀሩ።

ጃዝሚን ቤት ዕቃ እየታሸገ ነው፤ ለልጅ በዚያ ላይ ይህ አይነገርም። ሶስናን ጠራኋት። ትቆጣኛለች ብዬ ነበር። አየችው፣ አየችኝ፣ የቅቤውን ማሰሮ አንስታ ወንበር ላይ ወጥታ እኔ የማልደርስበት ፍሪጅ አናት ላይ ሰቀለችው። ዱቄቱን ለካች፣ ውኃውን ለካች፣ "ሌላ ምንም!" አለችኝ ጣቷን ቀስራ። ልጄ ሳለች እናቴ መሆኗ ነው።

ግን የወይዘሮ ሎሬታ አፍንጫ ምን ይመስል ነበር? እሳቸውን ያየኋቸው በመኪና መስኮት ብቻ ነው። ሶስና፣ "ሰፋ አድርጊው" ትላለች። አሰፋለሁ። "ክብ አድርጊው።" አከባለሁ። እጄ ግን መቼ ይሰማኛል! ይጫናል፣ ይስባል፣ ያቀጥናል። ስጨርስ ሶስና ጎንበስ ብላ አየችው።

"ማም" አለች። "ይሄ የእማማ ነው።"

አየሁት። እውነትም ሳሎን ፎቶዋ የተሰቀለው የእናቴ አፍንጫ ነው፤ ቀጭን፣ ቀጥ ያለ፣ ጫፉ ላይ ትንሽ ወደ ግራ ያዘነበለ። ላፈርሰው እጄን ስዘረጋ ሶስና ያዘችኝ። ያለ ቅቤ የተሠራ ነገር ለካ ቶሎ ይጠነክራል። ደግሞም ጊዜ አልነበረም። "ቆንጆ ነው" አለችኝ፣ በአማርኛ። አማርኛ ከልጄ አፍ በየቀኑ አይወጣም፤ እንደ በዓል ልብስ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ጋሽ መኩሪያ ቫናቸውን አመጡ። ጭንቅላቱን መሃል ወንበር ላይ አስቀምጬ ቀበቶ አሰርኩለት። ጋሽ መኩሪያ በመስታወት አዩና ባርኔጣቸውን አነሱ።

"እንዴት አደሩ እማማ? ደህና ነዎት?"

"ጋሽ መኩሪያ፣ ይንዱ እባክዎ።"

"ቆይ፣ የአገር ሰው መሰሉኝ እኮ። ፊታቸው የኦክላንድ፣ አፍንጫቸው ግን የመንዝ ነው። የሶስና እናት፣ ምን ሠርተሽ ነው?"

ሄይዋርድ ጋ መንገዱ ተዘጋግቶ ቆመን ሳለ ከጎናችን መኪና ያለ ሕፃን ለጭንቅላቱ እጁን አውለበለበ። ጋሽ መኩሪያ፣ "እማማ፣ ሰላም ይበሉ እንጂ! ኩራት አይበጅም" እያሉ እስከ ሳን ሆዜ አላስቀመጡኝም።

ጃዝሚንና አያቷ ከሚስ ረኔ ጋር ቀድመው ደርሰዋል። ጃዝሚን እየሮጠች መጣች፣ የቫኑን በር ከፈተች፣ ቆመች።

"አፍንጫዋስ?"

"ሽኮኮ በላው" አልኳት። ሌላ ምን ይባላል? "እኔ ሌላ ሠራሁ። እጄ የእናቴን ሠራብኝ።"

አፍንጫውን በጣቷ ነካ አደረገችው። "አያቴ ራሷን ባታውቀውስ?"

ቦርሳዬን ጨምቄ ያዝኩ። ፕላስተር አለ፣ ሎሚ አለ፣ ካልሲ አለ። በዚያ ሁሉ ዕቃ ውስጥ ለዚች ልጅ የሚሆን ነገር የለም።

ሰልፉ ተጀመረ። ወይዘሮ ሎሬታ መንገዱ ዳር ወንበራቸው ላይ ብርድ ልብስ ለብሰው ተቀምጠዋል፤ እኔ ከኋላቸው ቆሜያለሁ። ወፍ አለፈች፣ ጨረቃ አለፈች፣ ጥርሱ የወለቀ ዓሣ አለፈ። ከዚያ ሐምራዊ ካፖርት የለበሰች፣ ትልቅ ጭንቅላት ያጠለቀች አንዲት ሴት ቀስ እያለች መጣች። ወይዘሮ ሎሬታ አንገታቸውን አሰገጉ።

"ይቺ ደግሞ ማናት?" አሉ።

ከወንበራቸው ኋላ ጎንበስ አልኩ።

የመጣውን መዓት ያኔ ነው ያየሁት። ፀሐዩ ሞቋል፤ የውስጡ ቅቤ ቀልጦ ሽታው መናፈሻውን አውዶታል። ብስኩት የሚባለው ውሻ አፍንጫውን ወደ ሰማይ አነሳ፣ ገመዱን ከባለቤቱ እጅ መነጨቀና በቀጥታ ወደ ወይዘሮ ሎሬታ፣ ማለቴ ወደ ወረቀቷ ወይዘሮ ሎሬታ ተወነጨፈ። ጃዝሚን በጭንቅላቱ አፍ ቀዳዳ አየችው። ሮጠች። ካፖርቱን ሰብስባ፣ ክርኗን ወደ ውጪ ዘርግታ፣ ጭንቅላቱ ወዲያና ወዲህ እየተወዛወዘ ወፏን አልፋ፣ ጨረቃዋን ገፍታ ሮጠች።

ወይዘሮ ሎሬታ የወንበሩን እጀታ ይዘው ቀና አሉ። "ያ ክርን!" አሉ። "ያ ክርን የእኔ ነው! ልጅ ሆኜ እንዲህ ነበር የምሮጠው! እኔ ነኝ! እኔ ነኝ እኮ!" ከዚያ ሳቁ ገነፈለባቸው፤ "አንቺ ሎሬታ፣ እንዳትያዢ! በግራ እጠፊ! ጎሽ የኔ ልጅ፣ እንዳትያዢ!"

እኔም ፊሽካዬን አውጥቼ ተከተልኩ። ለዓመታት ተሸክሜው ነፍቼው አላውቅም ነበር። ሳንባዬ እስኪገለበጥ ነፋሁት። ሰልፉ በሙሉ ቆመ። ብስኩትም ቆመ፤ ቆመ ብቻ አይደለም፣ ጥሩ አስተማሪ አሳድጎት ኖሮ ቁጭ ብሎ እጁን ሰጠኝ። ሰዉ አጨበጨበ። እኔ የት ልግባ ብዬ መሬት መሬት ሳይ፣ ከሕዝቡ መሃል አንዲት ልጅ በሙሉ ድምጿ፣ "ዛት ኢዝ ማይ ማም!" አለች። አንድ መኪና ያህል አልራቀችም ነበር። መጥታ አጠገቤ ቆመች።

ጃዝሚን እያለከለከች አያቷ ጋ ደረሰች፤ ጭንቅላቱን አውልቃ ጭናቸው ላይ አስቀመጠችው። ወይዘሮ ሎሬታ ፊቱን ዳሰሱት፣ ወዙን ዳሰሱት፣ አፍንጫው ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

"ሁሉም የእኔ ነው። ይቺ የማን ናት?"

"የእናቴ ናት" አልኳቸው። እንግሊዝኛ አንቱታ የለውም፤ እኔ የጎደለውን አንገቴን ዝቅ አድርጌ ነው የምሞላው። "በሕይወት የለችም።"

"ሰልፍ ትወድ ነበር?"

"ሰልፍ አታውቅም። ከቤትና ከገበያ በቀር የትም አልሄደችም።"

ወይዘሮ ሎሬታ በቀጭኑ አፍንጫ ላይ ጣታቸውን ቀስ አድርገው አሳለፉት። "እንግዲያውስ ዛሬ ሁለታችንም ሮጥን" አሉ።

ጋሽ መኩሪያ ከቦርሳዬ መሐረብ ለመኑኝ።

በማግስቱ ጃዝሚንና አያቷ ሄዱ። ሚስ ረኔ እንደነገረችኝ ጭንቅላቱ ከዕቃ ጋር አልተጫነም፤ ወይዘሮ ሎሬታ አጠገባቸው አስቀምጠው ቀበቶ አስረውለታል። ከዚያ ወዲህ ስልካቸው አይሠራም፤ ሚስ ረኔም አድራሻቸውን አላገኘችም። ሶስና ለጃዝሚን የሣለችው ሰማያዊ ዶሮ ፍሪጃችን ላይ ተለጥፎ ይጠብቃታል።

ወደ ሳክራሜንቶ በኩል የምትኖሩ፣ በመስኮት ወይም በበረንዳ ወዛም ፊትና ወደ ግራ ያዘነበለ ቀጭን አፍንጫ ያለው ትልቅ ጭንቅላት ካያችሁ፣ እነሱ ናቸው። ሽኮኮ እንዳይደርስበት ንገሯቸው። የወይዘሮ ሎሬታ ጉልበት እንዴት እንደሆነ፣ ጃዝሚንም አርት የምትማርበት ቦታ አግኝታ እንደሆነ ያወቃችሁ ካላችሁ፣ እባካችሁ ንገሩኝ።